የተቆፈረው መልሶ እንዳይቀበር

የሰው ልጅ ተፈጥሮን ለኑሮው ለማዋል በሚያደርገው ትግል ሁለት ዓይነት ሀብት ያካብታል። አንደኛው በዓይን የሚታየው ነው፤ እርሻው፣ ፋብሪካው፣ መንገዱ፣ ግድቡ። ሁለተኛው እነዚህን ሁሉ ለመሥራት ያስቻለው ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ሲፈርስ ሁሉም ያየዋል፣ ይጮኽለታልም። ሁለተኛው ሲጠፋ ግን ድምፅ የለውም። አንድ ሣጥን ከመጋዘን ወጥቶ ሲጣል፣ አንድ ደብተር ምስጥ ሲበላው፣ አንድ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ሲሄድ ደወል የሚደውል የለም። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ይህንኑ ድምፅ አልባ ጥፋት ነው። ከሀገራችን ምድር በብዙ ድካምና ወጪ ተቆፍሮ የወጣው ድንጋይ፣ ስለ ድንጋዩም የተጻፈው መዝገብ የት ይቀመጣል? ለማስቀመጫውስ ከፋዩ ማን ሊሆን ይገባል?

ይህ የምሁራን ክርክር እንጂ የሠራተኛውና የቀበሌው ነዋሪ ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከውኃ እንጀምረው፤ ከዋሂል።

ዋሂል ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ክላስተሮች አንዱ ነው። አካባቢው ማሽላ የሚዘራበት፣ ከብት የሚረባበት፣ ዝናቡ የማይታመንበት ቆላ ነው። የውኃ ጉድጓድን ኦሮምኛ ተናጋሪው «ኤላ» ይለዋል፤ ሶማሊኛ ተናጋሪው «ኤል» ይለዋል። ሁለቱን ሕዝቦች በአንድ ቃል ያገናኘ ነገር ለሕይወታቸው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በእንዲህ ያለ ምድር ጥልቅ ጉድጓድ መቆፈር ለአንድ መንደር ከበዓል የሚበልጥ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ሲገባ ሕፃን ሽማግሌው ይሰበሰባል፤ ውኃው ሲፈናጠቅ እልልታው ይቀልጣል።

በዚያ ደስታ መካከል ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ሥራ ይካሄዳል። መሰርሰሪያው ወደ ታች በገባ ቁጥር የተፈጨ ድንጋይ ወደ ላይ ይወጣል። ባለሙያው በየሁለት ወይም በየሦስት ሜትሩ ከዚያ ፍርፋሪ እፍኝ እፍኝ እየወሰደ በተርታ ይደረድረዋል፤ ቀለሙን፣ ዓይነቱን፣ ጥልቀቱን በመዝገብ ያሰፍራል። ውኃ በየትኛው ሜትር ላይ እንደተገኘ፣ መሰርሰሪያው የት ላይ ፈጥኖ የት ላይ እንደዘገየ፣ ፓምፑ በሰዓት ስንት እንደቀዳ፣ የውኃው ከፍታም ምን ያህል እንደወረደ ይጻፋል። ይህ የጉድጓዱ የልደት ወረቀት ነው ብንል አልተሳሳትንም።

ከምረቃው በኋላስ? ብዙ ጊዜ የሚሆነው የታወቀ ነው። ሪባኑ ይቆረጣል፤ ማሽኑ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ በተርታ የተደረደረውን ፍርፋሪ ፍየል ይረግጠዋል፣ ነፋስ ይበትነዋል። መዝገቡ ከተቋራጩ ጋር ይሄዳል፣ ወይም ከአንድ ቢሮ መሳቢያ ይገባል። ከአሥር ዓመት በኋላ ጉድጓዱ ሲነጥፍ ወይም ፓምፑ ሲበላሽ አዲስ የመጣው ባለሙያ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «የጉድጓዱ መዝገብ የት አለ?» የሚል ነው። መልስ ካላገኘ ሁለተኛው ጉድጓድ እንደ መጀመሪያው በግምት ይቆፈራል፤ ሕዝቡም ለአንድ ዕውቀት ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ሁለተኛው ጉድጓድ ደረቅ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛውን ይከፍላል። ይህን ሁሉ በሒሳብ መዝገብ ላይ «ብክነት» ብሎ የሚጽፈው የለም፤ «ፕሮጀክት» እየተባለ ያልፋል።

የድሬዳዋን ምድር አሠራር ያየ ሰው ይህ ግምት ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይረዳል። ከሁሉም ሥር ዕድሜው ከ500 ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ መሠረት ዐለት አለ፤ በውስጡ ውኃ የሚያገኘው ስንጥቅ ካለው ብቻ ነው። በእርሱ ላይ የሥነ ምድር ሰዎች የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ የሚሉት ንብርብር ተነጥፏል፤ በላዩ ደግሞ ይህ አገር ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በባሕር ተውጦ በነበረበት ዘመን የተጠራቀመው የኖራ ድንጋይ ይገኛል። ከዚያም በላይ ሌላ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ በመጨረሻም ወንዞች ያመጡት ደለል አለ። ንብርብሩ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተስተካክሎ ተቀምጦ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ምድሩ ወደ አፋር ዝቅታ ሲወርድ እንደ ደረጃ ተሰባብሯል። በመሆኑም በአንድ ቦታ 80 ሜትር ላይ የተገኘ የኖራ ድንጋይ፣ ከስብራቱ ማዶ ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ ሲፈለግ እጅግ ጠልቆ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። የምድር ውስጡ ደረጃ የት እንደሚወርድና የት እንደሚወጣ የሚታወቀው ደግሞ ከየጉድጓዱ የወጣውን መዝገብ ጎን ለጎን በማስተያየት ነው። አንዱ መዝገብ ሲጠፋ የሚጠፋው የአንድ ጉድጓድ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው የሚቆፈሩት ሁሉ አንድ ምስክር ያጣሉ።

የከተማውም ሁኔታ ከዚህ አይለይም። ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ነው፤ የሳቢያንን የውኃ ጉድጓዶች የማያውቅ ነዋሪ የለም። ከከተማው ሥር ያለው ውኃ በአንዳንድ ቦታ በናይትሬት መበከሉን በየጊዜው የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። መበከሉ እየባሰ ነው ወይስ እየቀነሰ? ይህን ለመመለስ የዛሬውን ውኃ መመርመር ብቻውን አይበቃም፤ የዛሬ 20 እና 30 ዓመት የተመረመረው ውጤት መገኘት አለበት። የቀድሞው ወረቀት ከሌለ የዛሬው ቁጥር ብቻውን ቆሞ ይቀራል።

የሲሚንቶ ፋብሪካ ሠራተኞች ይህን ነገር ከማንም በላይ ያውቁታል። በሀገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከለው በድሬዳዋ ነው፤ ምክንያቱም ተራራው የኖራ ድንጋይ ነው። ነገር ግን ማንኛውም የኖራ ድንጋይ ሲሚንቶ አይሆንም። ከካባው የሚወጣው ድንጋይ በላቦራቶሪ ሳይመረመር ወደ ምድጃ አይገባም፤ የትናንቱ ውጤት ተመዝግቦ ካልቆየም የዛሬውን ድብልቅ ማስተካከል አይቻልም። ለአንድ ፋብሪካ የዕለት ተዕለት ሥርዓት የሆነው ነገር ለአንድ ሀገር ቅንጦት ሊሆን የሚችለው በምን ስሌት ነው?

በዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ መሸሽ አይገባም፤ ከባድ ተቃውሞ ነውና። «ውኃ የጠማው ሕዝብ ባለበት አገር ለድንጋይ ቤት መሥራት፣ ለድንጋይ ጠባቂ መቅጠር፣ ለድንጋይ በጀት መያዝ ተገቢ ነውን?» ይባላል። ይህን የሚሉት ሁሉ ክፉ አሳቢዎች አይደሉም። በቢጫ ጀሪካን ውኃ ለመቅዳት በአህያ ግማሽ ቀን የምትጓዝ እናት መጀመሪያ የምትፈልገው ጉድጓድ እንጂ መዝገብ አይደለም። ይሁን እንጂ ገበሬውን እንጠይቅ። የክፉ ቀን ሲመጣ ቤተሰቡ በርቦት ሳለ ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን ማሽላ የመጨረሻ መጨረሻ ላይ ካልሆነ በቀር አይነካውም። ይህን የሚያደርገው ለረኃብ ስለማይራራ አይደለም፤ የዘንድሮውን ረኃብ በሚመጣው ዓመት ረኃብ መለወጥ ማትረፍ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው። ሀገራችን ይህን የገበሬ ጥበብ በዘር በኩል ተቀብላዋለች። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የዕፀዋት ዘረመል ማዕከል፣ ዛሬ በብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሥር የሚገኘው፣ የጤፍን፣ የማሽላን፣ የገብስን ዝርያ በቅዝቃዜ ጠብቆ ያቆያል። ለዘር ይህን ያህል ካሰብን ለድንጋይ አናስብም የምንልበት ምክንያት የለም። እንዲያውም ዘር ተዘርቶ ይባዛል፤ ከ300 ሜትር ጥልቀት የወጣ ናሙና ግን ከጠፋ የሚተካው ዳግመኛ 300 ሜትር በመቆፈር ብቻ ነው።

የተጠበቀ ናሙና ምን ያህል እንደሚናገር ለማየት ከድሬዳዋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከከተማው በስተ ደቡብ ባለው የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ፖርክ ኤፒክ የሚባለው የጃርት ዋሻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1933 ፈረንሳዊው አቤ ብረይ ቆፍረውት ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የሰው መንጋጋ ቁራሽ አገኙ። የዚያ መንጋጋ ጥናት በቫሎዋ ተጽፎ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1951 ነበር፤ 18 ዓመት መጠበቅ ነበረበት። በ1970ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ዴዝመንድ ክላርክና ዊልያምሰን በዋሻው ውስጥ ሰፊ ቁፋሮ አካሄዱ። ከዚያ ከወጣው መካከል 40 ኪሎ ግራም የሚሆን ብረት ያዘለ ቀይና ቢጫ ድንጋይ ነበር፤ የጥንት ሰዎች እየፈጩ ለቀለም የተጠቀሙበት። በጊዜው ለዚህ ቀለም ድንጋይ የተሰጠው ትኩረት ከመሣሪያዎቹ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነበር። ነገር ግን አልተጣለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሣጥን ተቀመጠ። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ፣ አዲስ ተመራማሪዎች አዲስ የአጉሊ መነጽርና የኬሚካል መመርመሪያ ይዘው ሣጥኑን ከፈቱ። በዋሻው የኖሩ ሰዎች ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት ይህን ድንጋይ ሲያመጡ፣ ሲፈጩና ሲጠቀሙ መቆየታቸው፣ ልማዱንም ከትውልድ ወደ ትውልድ ማስተላለፋቸው ተረጋገጠ። በምሥራቅ አፍሪካ ከዚያ ዘመን የተገኘ ይህን የሚያህል የቀለም ድንጋይ ክምችት አይታወቅም። በ1976 አንድ የዕቃ ቤት ኃላፊ «ይህ ቀይ ድንጋይ ቦታ አጣበበ» ብሎ ቢያስወጣው ኖሮ የድሬዳዋ የ40 ሺሕ ዓመት ታሪክ አንድ ምዕራፍ ባልተጻፈ ነበር። እኛም ዛሬ የምንጽፈው ያንሰን ነበር።

ከታሪክ ወደ ኢኮኖሚ እንለፍ። በድሬዳዋና በሐረር ገደሎች ላይ በግልጽ የሚታየው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ሲሄድ በኦጋዴን ምድር ሥር በሺሕ በሚቆጠር ሜትር ጠልቆ ይገኛል። የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው እንዲህ ባሉ የአሸዋ ድንጋይ ንብርብሮች ውስጥ ነው። ጋዙን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፤ በኋላ የሶቪየት የነዳጅ ፍለጋ ጉዞ ቡድን ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፈረ። ከዚያ ወዲህ መንግሥታት ተለዋወጡ፣ ኩባንያዎች መጡ ሄዱ፤ የጋዝ ማምረቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ የተመረቀው በመስከረም 2018 ዓ.ም. ነው። ከግኝት እስከ ምርት ግማሽ ምዕተ ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ ካሉብን «ካሉብ» አድርጎ ያቆየው ምንድን ነው? ጋዙ በዓይን አይታይም፤ የተቆፈረው ጉድጓድም የብረት ክዳን ብቻ ነው። በየጊዜው የመጣው ኩባንያ ሁሉ ለመነጋገር የተቀመጠው በወረቀትና በናሙና ላይ ነው። ዳሎልም እንዲሁ ነው። ፓርሰንስ የተባለው ኩባንያ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ ፖታሽ ፍለጋ ብዙ ቆፍሮ ሥራውን አቁሞ ወጣ፤ ከ40 ዓመት በኋላ አላና የተባለው የካናዳ ኩባንያ ሲመጣ ከጥንቱ የፓርሰንስ መረጃ ላይ ነው የተነሳው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንችልም። መረጃ ያለው ወገን በድርድር ጠረጴዛ ላይ ባለቤት ነው፤ የሌለው ወገን አድማጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የለገደምቢ የወርቅ ማዕድን በ172 ሚሊዮን ዶላር ለግል ባለሀብት ሲሸጥ ገዢው የገዛው ተራራውንና ማሽኑን ብቻ አልነበረም፤ በመንግሥት በጀት በአዶላ ምድር ለዓመታት ሲቆፍሩ፣ ሲመዝኑና ሲጽፉ የኖሩ ሠራተኞች ያከማቹትን ዕውቀትም ገዝቷል። ወርቁ እዚያ መኖሩን ያወቀው ያ ድካም ነውና። በባዕድ ሀገር በተማርንበት ጊዜ በአንድ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ስለ ሀገራችን ምድር የተጻፉ፣ አቧራ ያልነካቸው፣ በጨርቅ የተጠረዙ ሪፖርቶችን አይተናል። በእኛ ዘንድ ቅጂያቸውን ለማግኘት ሰው መለመን ያስፈልግ ነበር። ስለ ራስ ቤት ለማወቅ የጎረቤትን ደጅ መጥናት ክብርን የሚነካ ነገር ነው።

የዚህን ሁሉ ኃላፊነት በሀገር ደረጃ የተሸከመው ተቋም እ.ኤ.አ. በ1968 የተቋቋመው የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ በየጊዜው ተለዋውጦ ዛሬ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ይባላል። በካዝሚን የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የሥነ ምድር ካርታ እ.ኤ.አ. በ1973፣ መንገሻ ተፈራ፣ ታደዎስ ቸርነትና ወርቅነህ ሀሮ ያዘጋጁት ሁለተኛ እትም በ1996 ወጣ። አንድ ካርታ በአንድ ሰው እግር አይሠራም፤ በየበረሃው የተጓዙ ሰዎች ማስታወሻ፣ ከየቋጥኙ የተጠረበ እፍኝ እፍኝ ድንጋይ፣ በላቦራቶሪ የተለካ ቁጥር ተጠራቅሞ ነው ካርታ የሚሆነው። ሁለተኛው እትም የተሻለ ሊሆን የቻለው የመጀመሪያው ሥራ ስላልጠፋ ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? በእኛ አስተያየት ችግሩ ያለው ገንዘቡ በሚመደብበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ለመቆፈር ገንዘብ ይገኛል። የካፒታል በጀት ይገኛል፤ ብድር ይገኛል፤ ከተባበሩት መንግሥታት፣ ከጃፓን፣ ከጀርመን፣ ከቼክ እርዳታ ተገኝቶ ያውቃል። ለማስቀመጥ ግን ገንዘብ አይገኝም፤ ምክንያቱም ማስቀመጥ መጀመሪያና መጨረሻ የለውም፣ ሪባን አይቆረጥበትም። ፕሮጀክት በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ያልቃል፤ ሣጥኑ ግን መቶ ዓመት መኖር አለበት። ስለዚህ የማስቀመጫው ወጪ በመደበኛ በጀት ላይ ይወድቃል፤ መደበኛው በጀት ሲጠብብ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው ደመወዝ ሳይሆን የመጋዘኑ ጣራ ጥገና ነው። መጋዘን ሲጣበብም አስቀድሞ የሚወጣው የድንጋይ ሣጥን ነው፤ የተሰበረ ወንበር እንኳ በንብረት መዝገብ ላይ ቁጥር ስላለው ከእርሱ ይልቅ ይከበራል።

ይህ ቅራኔ የደሃ ሀገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986 የነዳጅ ዋጋ ከወደቀ በኋላ ኩባንያዎች ሲዋሐዱና መጋዘን ሲዘጉ፣ ለመቆፈር ብዙ ሚሊዮን የወጣበት ናሙና የኪራይ ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ለቆሻሻ መጣያ ተዳርጓል። በትርፍ ስሌት ለሚመራ ኩባንያ ናሙና ዋጋ የሚኖረው ፈቃዱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የዚያች ሀገር የሳይንስ አካዳሚዎች ይህን ክምችት «አደጋ ላይ ያለ ሀገራዊ ሀብት» ብለው ሪፖርት አወጡ። በ2005 የወጣው የኢነርጂ ሕግ ደግሞ የሥነ ምድር መረጃና ናሙናን የሚጠብቅ መርሐ ግብር በመንግሥት ገንዘብ እንዲቋቋም አደረገ፤ ማዕከላዊው መንግሥት ግማሹን ሲከፍል ግማሹን የየግዛቱ የሥነ ምድር ጥናት ተቋም ይችላል። ገበያው ለራሱ ሲተው ያልጠበቀውን ነገር መንግሥት እንዲጠብቀው የተገደደው የገበያው ዋና ከተማ በምትባለው ሀገር ነው። ይህን ማንበብ ያስገርማል፤ ያስተምራልም።

ናሙና ተቀምጦ መቆየቱ ምን እንደሚያስገኝ የጨረቃ ድንጋይ ያሳየናል። ከ1969 እስከ 1972 የአፖሎ መንኮራኩሮች 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር አመጡ። ከፊሉ ሆን ተብሎ ሳይነካ ተቀመጠ፤ በ1972 የታሸገ አንድ ቱቦ የተከፈተው በ2022 ነው። ጨረቃ ደረቅ ናት ተብሎ ለብዙ ጊዜ ሲታመን ከቆየ በኋላ በ2008 ከእነዚያው አሮጌ ናሙናዎች ውስጥ የውኃ ምልክት ተገኘ። ድንጋዩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው መሣሪያው ነው። «ሁሉንም ነገር በኮምፒዩተር ካነሳን ድንጋዩን መጣል እንችላለን» ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው። ወረቀትን ስካን ማድረግ አስፈላጊ ነው፤ ዛሬ ነገ ሊባል አይገባም። ነገር ግን ገና ያልተፈለሰፈ መሣሪያ ነገ የሚጠይቀውን ጥያቄ ፎቶግራፍ አይመልስም። ኮምፒዩተሩም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል፤ የዛሬ 25 ዓመት በፍሎፒ ዲስክ የተቀመጠ ሪፖርት ዛሬ የሚያነበው ማሽን ማግኘት ከብራና ጽሑፍ ማንበብ ይከብዳል።

የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብም የዚሁ ሀብት አካል ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናወጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከመኖሪያው ተፈናቀለ፤ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የባቡር መስመር በዚያው ስምጥ ሸለቆ ያልፋል፤ የከሰም ግድብም በቅርብ ነው። «ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃልን?» የሚለው ጥያቄ በሁሉም አፍ ነበር። መልሱ በከፊል ተቀምጦ ቆይቷል። በ1950ዎቹ መጨረሻ በዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ የመሬቱን ንዝረት በወረቀት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ኃላፊው የነበሩት አባ ፒየር ጉዌንም ከነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከዚያው መዝገብ አውጣጥተው የኢትዮጵያን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1979 አሳትመዋል። በ1961 በካራቆሬና በማጀቴ የደረሰው ጥፋት በዝርዝር የሚታወቀው በዚህ ትጋት ነው። አንድ ወረቀት ለ60 ዓመት ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጥና በአንድ ሌሊት ሥራ ያገኛል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን የወሰደበትን ሌሊት ያየ የድሬዳዋ ሰው እንዲህ ያለው ሌሊት ቀጠሮ እንደማይሰጥ ያውቃል። የወንዙ ዳር ደለል ራሱ፣ ንብርብር በንብርብር ተቆርጦ ቢታይ፣ የቀደሙትን ጎርፎች የሚቆጥር መዝገብ ነው።

ሕግ አለ? አለ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዶች የሥራቸውን መዝገብ እንዲይዙና ሪፖርት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ለውኃ ጉድጓዶችም እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ብሔራዊ የከርሰ ምድር ውኃ መረጃ ቋት ለማቋቋም ተሠርቷል፤ ይህ የሚመሰገን ጅምር ነው። ነገር ግን መረጃ ቋት የሚሞላው ከታች በሚመጣ ወረቀት ነው። ከታች ወረቀት ካልመጣ ከላይ ያለው ቋት የሚያምር ባዶ ሣጥን ነው። ሕጉ «አስረክብ» ይላል፤ የተረከበውን የሚያኖርበት መደርደሪያና የሚያኖረው ሠራተኛ ደመወዝ ግን በአዋጅ ብቻ አይገኝም።

ስለዚህ መፍትሔው ከመቆፈሪያው ውል ራሱ መጀመር አለበት እንላለን። በመንግሥት ወይም በእርዳታ ገንዘብ በሚቆፈር ማንኛውም ጉድጓድ ውል ውስጥ ለናሙናውና ለመዝገቡ ማስቀመጫ የሚሆን ድርሻ አስቀድሞ ተለይቶ መያዝ ይኖርበታል። ይህ ድርሻ ከቁፋሮው ዋጋ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሣጥን፣ ከረጢት፣ ምልክት መጻፊያ ቀለም፣ ማጓጓዣ ነው። ከተቋራጩ ላይ የሚያዘው የመያዣ ገንዘብም መዝገቡና ናሙናው ርክክብ ሳይደረግበት ባይለቀቅ መልካም ነው። ብረቱና ቧንቧው ሳይገባ ክፍያ አይለቀቅም፤ ዕውቀቱ ሳይገባስ ለምን ይለቀቃል? የኢንስቲትዩቱ መጋዘን ደግሞ ከሌላ ወጪ ጋር ሳይደባለቅ በመደበኛ በጀት ላይ የራሱ መደብ ሊኖረው ይገባል። ሁሉንም ወደ አዲስ አበባ ማጋዝም አያስፈልግም። ድሬዳዋ ባቡር፣ መንገድ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ደረቅ አየር አላት፤ ድንጋይና ወረቀት የሚጠላው እርጥበትን ነውና የምሥራቁን አካባቢ ናሙና ለመያዝ ከእርሷ የሚሻል ቦታ ጥቂት ነው። አዲሱ የባቡር መስመር ሲዘረጋ ለድልድይና ለሐዲድ መሠረት የተመረመረው አፈርና ዐለት መረጃም ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ሊዘጋ አይገባም፤ ነገ በዚያው አጠገብ መንገድ ወይም ፋብሪካ የሚሠራ ሌላ አለ።

በጀቱ እስኪመጣ ድረስ ግን የቀበሌው ነዋሪና የውኃ ኮሚቴው እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። በዋሂልም ሆነ በሌላው ገጠር ማሽን ሲገባ ኮሚቴው የውኃውን ያህል መዝገቡን መጠየቅ ይችላል፤ ይህ ልመና አይደለም፣ በራሱ ስም የተቆፈረ ጉድጓድ ነውና። ቁፋሮው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን፣ የቦታው ልክ፣ በየሜትሩ የተገኘው የድንጋይ ዓይነት፣ ውኃ የተገኘበት ጥልቀት፣ የፓምፕ ሙከራው ውጤትና የላቦራቶሪው ምርመራ በአንድ ወረቀት ላይ ይጠቃለላሉ። አንዱ ቅጂ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በአስተዳደሩ የውኃ ቢሮ፣ አንዱ በጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩቱ ይቀመጥ። ደረቅ ሆኖ የቀረው ጉድጓድ መዝገብም አብሮ ይቀመጥ፤ ሁለተኛ እዚያ እንዳይቆፈር የሚከለክለው እርሱ ነው።